የአቴናው ግብዣ

መስከረም ሃያ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ ረቡዕ ጧት፣ ወረታ እንደ ወትሮዋ ነቃች። ከጎንደር የመጣ የጭነት መኪና መንታ መንገዱ ላይ ሞተሩን እያንኮሻኮሸ ቆሟል። የደብረ ታቦር መንገደኞች ጓዛቸው ላይ ተቀምጠው የሚጭናቸውን ይጠብቃሉ። ነጋዴው ኡመር የሱቁን መዝጊያ ከፍቶ አቡጀዲውን ደጅ ሰቀለ። መቶ አለቃ አድማሴ ከፖሊስ ጣቢያው ምሰሶ ላይ ባንጠለጠላት መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን ይላጫል። ጎንደር ሳለ ለአለቃው የማይነገር እውነት ተናግሮ ወደዚህ ከተጣለ ስምንት ወሩ ነው። በስምንት ወር ያየው ወንጀል የበሬ ስርቆትና የወሰን ጠብ ብቻ ስለ ነበር፣ ጢም መላጨት የቀኑ ከባድ ሥራ ሆኖበታል።

ግማሽ ፊቱን ሳይጨርስ አንድ ገበሬ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ደረሰ። የቁሐር ሚካኤሉ መንግሥቴ ነው።

«ካሴ ሞቷል ጌታዬ። ውሃ ላይ አገኘሁት።»

«የትኛው ካሴ?»

«አውሮፕላን አንሺው።»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው አፉን በእጁ ሸፈነ። አድማሴ ምላጩን አጠበ። የካሴ ስም ሲነሳ መሳቅ የከተማው ልማድ ነበር፤ ልማድ ደግሞ መርዶ ቶሎ አይሰማም።

ካሴ ከኡመር ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል የመታወቂያና የሠርግ ፎቶ እያነሳ የሚኖር ሰው ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውሮፕላን በፎገራ ሜዳ ላይ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ሜዳው ውሃ በያዘ ጊዜ ካሴ ከውሃ ዳር ሣር፣ ከደንገል፣ የታሰረውን የመንግሥቴን ታንኳ ወስዶ መሀል ይገባና አውሮፕላኑን ውሃው ላይ ከሚታየው መልኩ ጋር ያነሳዋል። ሦስት ዓመት እንዲህ አደረገ። ነሐሴ ላይ ከግሪክ አገር ደብዳቤ መጣ። በኅዳር የየአገሩ አውሮፕላን አንሺዎች አቴና ላይ ተሰብስበው ሥራቸውን ሊተያዩ ነውና፣ ከወረታ የተላከው ፎቶ ስለ ተመረጠ ባለቤቱ ይምጣ፣ ወጪውም በእኛ ነው ይላል። ካሴ ሻንጣ አዘጋጀ፤ ክራባት ማሰር ለመደ። ከተማው ደግሞ አንድ ወር ሙሉ የሚሳሳቅበት አገኘ።

አድማሴ ቁሐር ሲደርስ ሬሳው ከውሃው ዳር ዋርካ ሥር ተጋድሟል። ሚስቱ እማዋይሽ ራስጌው ተቀምጣለች፤ አታለቅስም። ፊት ለፊቷ ቄሰ ገበዝ አያልነህ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ኡመር አቡጀዲ ለከፈን ይዞ መጥቷል። በነጭ ሸሚዝ፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ ከሁሉም ፈንጠር ብሎ የቆመው መምህር ማረው ነው።

«መቶ አለቃ፣ ቶሎ ቁረጥልን» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ፀሐዩን ታያለህ፤ ቀብሩ ከዘጠኝ ሰዓት አያልፍም። ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ፍትሐት የለውም። ከቅጥሩ ውጭ ነው የሚቀበር።»

«ራሱን አጠፋ ያለ ማነው?»

ሁሉም ወደ መምህሩ ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አለ ማረው፣ እንደሚያስተምር ሰው ድምፁን አስተካክሎ። «ግብዣው ተሰርዟል። ከሁለት ሳምንት በፊት ሌላ ደብዳቤ ጽፈው አትምጣ አሉት። አንብቤ የነገርኩት እኔው ነኝ። አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ሰው አልነበረም።»

«ደብዳቤዎቹን ይጽፉለት የነበሩት እርስዎ ነዎት?»

«ሌላ ማን ይጽፍለታል? የፈረንጅ ፊደል ገልብጦ የሚይዝ ሰው እኮ ነው! አቴና በእግር ስንት ቀን ያስኬዳል ብሎ ጠይቆኛል።»

ከቆመው ሰው መካከል ሁለት ሦስቱ ፈገግ አሉ። አድማሴ አንድ በአንድ አያቸውና ፈገግታው ጠፋ።

«የመጨረሻው ደብዳቤ የታል?»

«ቀደደዋ።»

«ውሸት ነው» አለች እማዋይሽ፣ ቀና ሳትል። «ትናንት ጧት እያፏጨ ነው የወጣ። ማታ ቢቀር ፎቶ ቤቱ ያደረ መሰለኝ። ደግሞ ካሜራው አንገቱ ላይ ነው። ለካሜራዋ ከእኔ ይልቅ ይሳሳላታል። ዝናብ ሲመጣ ጋቢውን ለሷ ነው የሚያለብስ። ሊሞት የገባ ሰው እሷን ይዞ ይገባል?»

አድማሴ ጎንበስ አለ። የካሜራው የቆዳ ሽፋን ተከፍቶ ተንጠልጥሏል፤ ካሴ ሊያነሳ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። ከቀኝ ጆሮው ጀርባ ያበጠ ነገር አለ። የግራ እጅጌውን ሰበሰበው። ክንዱ ላይ መግል የያዘች፣ ዙሪያዋ የቀላ ቁስል አገኘ። ጥቂት አያትና እጅጌውን መለሰ። ፖሊሱን ወደ ጎን ጠርቶ፣

«ወረታ ሂድና የክሊኒኩን ድሬሰር፣ አንለይን፣ ይዘህልኝ ና። ከመዝገቡ ጋር» አለው።

ከዚያ ኡመርን ጠራው።

«ያከራየኸው አንተ ነህ። ከዚህ ሁለት ሳምንት ወዲህ እንዴት ነበር?»

«ያው ካሴ ነዋ። ዓርብ ዕለት እንኳ ለአቴና ብሎ ከአሥመራ ፊልም አስመጣልኝ አለኝ። እኔም አውሮፕላኑ ራሱ ደጅህ መጥቶ ይጭንሃል ብዬ ቀለድኩበት። አብሮኝ ሳቀ።» ኡመር አቡጀዲውን ከአንድ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። «አሁን ነገሩ ደስ አላለኝም፣ መቶ አለቃዬ።»

«ትናንትስ የት ዋልክ?»

«ሱቄ ነዋ! ማክሰኞ መኪና የሚበዛበት ቀን አይደል? መንገደኛ ሁሉ ይመስክርልኝ።»

ሦስተኛው መንግሥቴ ነው። ካሴ ከብቶቹን ያስደነብርበታል እያለ በየገበያው ያማው ነበር፤ ይህን ራሱም አልደበቀም።

«አምቼዋለሁ። ታንኳ ግን ከልክዬው አላውቅም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ከቄሰ ገበዙ ጋር የቤተ ልሔሙን ክዳን ስንከድን ነው የዋልነ።»

«እውነት ነው» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ምሳም አብረን በላን።»

«ማታ ስትመለስ ካሴን አላሰብከውም፣ አያ መንግሥቴ?»

«ምን ብዬ? ታንኳው ተመልሶ ዋርካው ላይ ቆሞ እየደረቀ ነበር። እንዲያውም ደስ አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ስትመለስ አቁመህ አድርቃት፣ ጭቃ ላይ ተኝታ ትበሰብሳለች› እያልኩ ስጮህበት አንድ ቀን ሰምቶኝ አያውቅም። ዛሬስ ልብ ገዛ አልሁ። ጧት ስነሳ ታንኳው የለም። ወርጄ ብፈልግ ሬሳው አጠገብ ሲንሳፈፍ አገኘሁት።»

«ቦታውን አሳየኝ።» አድማሴ ወደ መምህሩ ዞረ። «እርስዎም ይምጡ። ታንኳ ላይ ወጥተው ያውቃሉ?»

«እኔ?» ማረው ሳቀ። «ይህ የባላገር ነገር ነው። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ደንገል ላይ ቁጭ ብዬ አላውቅም።»

መንግሥቴ ዳር ላይ የነበረውን ያንኑ ታንኳ ብቻውን ብድግ አድርጎ ወደ ውሃው አስገባው።

«ቀላል ነው?» አለ አድማሴ።

«ገና አልጠጣም እኮ። ውሃ ውስጥ ሲውል ለሁለት ሰውም ይከብዳል።»

አድማሴ ጫማውን አውልቆ ጭቃ በያዘ እግሩ ገባ። መንግሥቴ ፊቱን አጨማደደ፤ ሹም ነውና አልተናገረም። ማረው ሱሪውን ሰብስቦ ታንኳው ጠርዝ ላይ አረፍ አለ። አንድ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ አጠበና አስገባ፤ ሌላውንም አጥቦ አስገባ። አፉ ግን ስለ ካሴ ማውራቱን አላቋረጠም።

«ክራባቱን ቢያዩት! እንደ በሬ ገመድ ነበር የሚያስረው። እስቲ እሱ በእነዚያ ሰዎች መካከል ቆሞ ምን ሊል ነበር?»

ሬሳው ከተገኘበት ሲደርሱ አድማሴ ዘንጉን ውሃው ውስጥ አቆመ። ውሃው እስከ ሰው ጭን ብቻ ይሆናል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በቁሐር ሚካኤል ደጀ ሰላም ተሰበሰቡ። ሬሳው ከቅጥሩ ውጭ በቃሬዛ ላይ ነው። እማዋይሽ በሩ ላይ ቆማለች፤ ባሏ በዚያ በር ይግባ አይግባ አሁን ሊቆረጥ ነው። ድሬሰሩ አንለይ መዝገቡን ታቅፎ፣ እንደ ፈራ ሰው ከፖሊሱ ጎን ተጠግቷል።

«ቄሰ ገበዝ፣ ይስሙኝ» አለ አድማሴ። «ካሴ ራሱን አላጠፋም። ውሃው እስከ ጭን ብቻ ነው። ካሜራው ተከፍቶ ነበር። ይህ ባይበቃ ክንዱን አየሁ። የፈንጣጣ ክትባት ነው፤ ገና መግል ይዟል። አንለይ፣ መቼ ነው የወጋኸው?»

«ሐሙስ። ስድስት ቀን ሆነው። ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የክትባት ወረቀት ይጠየቃል ሲሉ ሰምቶ መጣ።»

«ከሁለት ሳምንት በፊት አትምጣ የተባለ ሰው፣ ከስድስት ቀን በፊት ለመንገዱ ክንዱን አስወጋ፤ በማግስቱም ፊልም አዘዘ። ስለዚህ አትምጣ የሚል ደብዳቤ አልነበረም። የሌለ ደብዳቤ አነበብኩ ያለው አንድ ሰው ነው።»

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አለ ማረው። «ሰውዬው ያልኩት አልገባው ይሆናል። መች የሚገባው ነገር ነበርና!»

«ይቆዩኝ። አሁን ወደ ታንኳው። ሌሊቱን ውሃ ላይ ያደረ ታንኳ ለሁለት ሰው ይከብዳል፤ መንግሥቴ ግን ብቻውን አነሳው። ማታም ዋርካው ላይ ሲደርቅ አይቶታል። ካሴ ሞቶ ውሃ ውስጥ ሳለ ታንኳውን ማን መለሰው? ገዳዩ ነው። አብሮት ገባ፤ ከጆሮው ጀርባ በዘንግ መታው፤ በፊቱ ተደፍቶ ሲቀር ታንኳውን እየቀዘፈ ወጣ። ከወጣም በኋላ ከልጅነቱ ጀምሮ እጁ የለመደውን አደረገ፤ ታንኳውን ለፀሐይ አቆመው። በኋላ ሲያስበው፣ ታንኳው ዳር ላይ ከተገኘ አብሮት የገባ ሰው እንዳለ ይታወቃል። ጎህ ሳይቀድ ተመልሶ ከሬሳው አጠገብ ለቀቀው።»

«እንግዲያ ታንኳ የሚያውቅ ሰው ነው» አለ ኡመር፣ ወደ መንግሥቴ እያየ። «እኔስ በየት በኩል እንደሚገቡበትም አላውቅ።»

«መንግሥቴ ከቄሰ ገበዙ ጋር ነበር። ደግሞም ጥፋተኛ ቢሆን ታንኳው ቆሞ ነበር ብሎ አይነግረኝም። ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ። አያ መንግሥቴ፣ ጧት ስገባ ፊትህን ያጨማደድከው ለምንድን ነው?»

መንግሥቴ አቀረቀረ። «ጭቃው... ደንገሉን ይበላዋል። የታንኳ ሰው እግሩን ሳይታጠብ አይገባም።»

«መምህሩስ?»

መንግሥቴ ቀስ ብሎ ቀና አለና ማረውን አየው። «ታጠበ» አለ። «ሁለቱንም እግሩን።»

አድማሴ እስከዚያ ድረስ መምህሩን አንቱ ይል ነበር፤ አሁን ተወው።

«የት እንደ ተወለድክ አላውቅም። ደብረ ታቦር ግን ታንኳ የለም።»

ማረው ወደ እግሩ አየ። «እግር ታጠበ ተብሎ ሰው ይከሰሳል?»

«አይከሰስም። አንለይ፣ አውጣው።»

ድሬሰሩ ከመዝገቡ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ። ከአቴና የመጣው ግብዣ ነው።

«የክትባቱን ወረቀት ስሞላ ስሙን ከደብዳቤው ጋር አስተያየሁት» አለ። «እዚህ የተጋበዘው ማረው ነው የሚል። ካሴ የሚል የትም የለም። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። በኋላ ደብዳቤውን አደራ ብሎኝ ትቶት ሄደ፤ መምህሩን ራሱን እጠይቀዋለሁ አለኝ። ጧት መሞቱን ስሰማ መጥቼ መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ።»

«ፎቶውን በራስህ ስም ላክኸው» አለ አድማሴ። «ካሴ አያነብምና ሻንጣ ሲያዘጋጅ ዝም ብለህ አየኸው። ኅዳር ሲደርስ ግብዣው ቀረ ብለህ አንተ ልትሄድ ነበር። ሲደርስብህ ማክሰኞ አብረኸው ገባህ።»

«ማን ያምንለታል?» ማረው ድምፁ ከፍ አለ፤ የሚያየውም ቆሞ የሚሰማውን ሕዝብ ነው። «እናንተ ናችሁ ስትስቁበት የከረማችሁ! እኔ ቋንቋ አውቃለሁ፤ እኔ ሰው ፊት መቆም እችላለሁ። እሱ ምን ሊያደርግ? አፉን ከፍቶ ሊያንጋጥጥ? ‹ለአውሮፓ ሰዎች የኔን ስም ጽፈህ ብቻ አስተካክልልኝ፣ ሌላ አልፈልግም› አለኝ። እኔን! ማስተካከል! አውሮፕላኑ ድምፁ ተሰማና ጀርባውን ሰጥቶኝ ካሜራውን ከፈተ። እኔ እየተናገርኩት!»

አሁን የሚስቅ አልነበረም።

«አባትህ ማነው?» አሉ ቄሰ ገበዙ በዝግታ።

«ጣና ዳር፣ ናበጋ ነው ያለ» አለ ማረው፣ ወደ መሬት እያየ። «ደንገል ያጭዳል።»

«ከሁለታችሁ እሱ የሚያኮራ ሥራ ይሠራል» አለ አድማሴ፣ የማረውን እጅ ይዞም ለፖሊሱ አሳልፎ ሰጠው።

ቄሰ ገበዙ ወደ እማዋይሽ ሄዱ። ምን እንዳሏት አልተሰማም። ከዚያ መቋሚያቸውን አንስተው ለዲያቆናቱ ምልክት ሰጡ፤ ደወሉ ተደወለ፤ ቃሬዛውም በበሩ ገባ። ካሴ ፍትሐቱ ተደርጎለት ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከወይራዎቹ ሥር፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ተቀበረ። የወረታ ሰው ሁሉ ወጥቶ ቀበረው። ሲስቁበት የኖሩት ሁሉ ደረታቸውን ሲደቁ አድማሴ ራቅ ብሎ አየ፤ ማን ይበልጥ እንደ ጮኸም ልብ አለ።

በሠልስቱ አልቃሾቹ ወደ ለቅሶው መሀል ይዘውት የሚወጡት የሟቹን ፎቶ ጠየቁ። እማዋይሽ ከፎቶ ቤቱ ሣጥኑን አስመጣችና ድንኳኑ ውስጥ ከፈተችው። ኡመር ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ የተነሳው ፎቶ ወጣ። በር ላይ የሳቀው ፖሊስ ፎቶም ወጣ። ሙሽሮች፣ ቄሶች፣ መታወቂያ ፈላጊ ገበሬዎች፣ መምህሩም ሳይቀር ከነነጭ ሸሚዙ ወጡ። ከእነሱ ሥር ከመቶ የሚበልጡ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ከበታቹ በውሃው ላይ ተገልብጦ ይታያል።

እማዋይሽ እስከ ሣጥኑ ወለል ድረስ አየች። የካሴ ፎቶ የለም።