የአያ ሀብተ ሚካኤል ወለል

አያ ሀብተ ሚካኤል አልጋቸው ላይ ሞተው ሲገኙ ትራሳቸው ከራስጌ ሳይሆን ከግርጌ ነበር። ከንፈራቸው ሰምበር አውጥቷል። ኢንስፔክተር ጤናዬ «እንቅልፍ አይደለም የወሰዳቸው» አለችና ፎቁ ላይ ወዲያና ወዲህ ትመላለስ ጀመር። ደጅ የተሰበሰበው የደባርቅ ሰው፣ ሴትዮዋ ቤቱን ልትገዛው ነው እንዴ እያለ ይንሾካሾካል።

የፎቁ ወለል የወይራ ጣውላ ሠላሳ ዓመት ሲጮህ ኖሯል። ሲረግጡት ሲጢጥ ስለሚል ሽማግሌው «ዘበኛዬ ነው» እያሉ አላስጠግንም ብለው ነበር። ዛሬ ግን ከኢንስፔክተሯ ቦት ጫማ ሥር ትንፍሽ አላለም።

ካቴና የገባለት አናጢው ባርናባስ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ግቢው ሲገባ ታይቷል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠራተኛቸው ስጦታ የጾም ምሳቸውን ይዛ ወደ ፎቅ ስትወጣ ሬሳ ጠበቃት። ባርናባስ ግን የረሳሁትን መዶሻ ከደረጃው ሥር አንስቼ ሄድኩ ብሎ ይምላል። ማን ይመነው? ወደ ጎንደር የሚወስደው ፒካፕ ሞተሩን አስነስቷል።

ጤናዬ ስለ ወለሉ ጠየቀችው።

«ጣውላው ላልቶ ከሚስማሩ ጋር ሲፋተግ ነበር የሚጮኸው። ዛሬ ጠዋት ሚስማሩን ነቅዬ በሚጠመዘዝ ቪት አጠበቅሁት፤ ሰም በኑግ ዘይት ለውሼም ቀባሁት። እስኪመሽ ስለሚለጠፍ ተጠንቀቁ ብያቸዋለሁ።»

ስጦታም መሰከረች፦ ስድስት ሰዓት ላይ ሽማግሌው ከዳር እስከ ዳር ተራምደው «ቤቴን ዲዳ አደረግኸው» ብለው አኩርፈውታል። ለምን እንዳስጠገኑት ስትጠየቅ አይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «‹ነገ ቤቱን ለአንቺ ልናዘዝ ነው፤ ጩኸቱን ግን አላወርስሽም› አሉኝ።»

የወንድማቸው ልጅ ደርቤ ሦስት ቀን አዲ አርቃይ ሰንብቶ፣ አጎቱ በስልክ ጠርተውት በሰባት ሰዓት በሊማሊሞ አውቶቡስ መግባቱን ተናገረ። ከዚያ ምድር ቤት ጋደም ብሎ ነበር።

«ስምንት ሰዓት ላይ ወለሉ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ ባርናባስ ወጥቶ ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ኧረ ኢንስፔክተር፣ ያን ድምፅ የማያውቅ ማን አለ?»

ጤናዬ ሦስቱንም ወደ ፎቅ አውጥታ በሩ ላይ አቆመቻቸው። ራሷ ተራመደች። ወለሉ ጸጥ። የደርቤ ፊት አመድ መሰለ።

«ሰሙን እዩት» አለች። «የሟቹ ባዶ እግር አለ፤ የስጦታ ኮንጎ ጫማ አለ፤ የባርናባስ ቦት አለ። ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ ደግሞ የሱፍ ካልሲ ታትሟል። ጫማውን ያወለቀ ሰው ወለሉ ይጮህብኛል ብሎ የፈራ ነው። ስጦታና ባርናባስ ወለሉ ዝም ማለቱን ያውቃሉ፤ ምን አስወለቃቸው? አንተ ግን፣ ደርቤ፣ ሲጠገን አልነበርክም። አጎትህ ለኑዛዜው ምስክር ሁን ብለው በስልክ ጠሩህ፤ አንተ ሳይናዘዙ፣ ተኝተው ሳሉ በትራስ አፍነህ ቀደምካቸው። ወለሉ ሳይጮህ ሲቀር የእርምጃህ ጥበብ መስሎሃል። ከዚያ በባርናባስ ልታሳብብ፣ የሌለ ጩኸት ሰማሁ አልክ። በል፣ ጫማህን አውልቅ።»

ደርቤ አልነቃነቅ አለ። ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ ሲያወልቅለት፣ ጫማው ካልሲውን ይዞ ቀረ፤ ሰሙ አጣብቆታል።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዛወረ። ደርቤን ሲያወጡት ወለሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ባርናባስ የተላጠ የእጁን አንጓ እያሻሸ፣ «ባልጠግነው ኖሮ ይነቁ ነበር ይሆን?» አለ።

ስጦታ ከአልጋው አጠገብ ያለችውን ጣውላ በእግሯ አሳየችው።

«የዚችን ቪት ፍታልኝ፣ ወንድሜ። አንዷ ትጩህልኝ።»