ውሻው ምራቂ ነው

«ውሻውስ?» አሉ ጋሽ ገብረሚካኤል።

ጌጤ ክው አለች። የቤቱ ዋጋ ከተቆረጠ ሦስት ቀን ሆኖታል፤ ገዢዎቹ ባልና ሚስት ግን በየቀኑ ምራቂ ይጨመርልን ይላሉ። መጀመሪያ ጎተራውን፣ ቀጥሎ ወፍጮውን፣ ትናንት ደግሞ የሟች እናቷን አልጋ። ዛሬ እማኞቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠው እየጠበቁ፣ ውሻውን! ኧረ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!

«መከታን አልሰጥም» አለች።

«እንግዲያው ቤቱም ይቅር» አሉ ሚስትየዋ እትዬ ደብሪቱ። «ለጣሊያን ሾፌሮች ምግብ ቤት ልንከፍት ነው። በዚህ ሁሉ ሌባ መሀል ያለ ውሻ ምን ልንሆን?»

አጎቷ ጋሼ ወርቁ ክንዷን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዷት። «ስሚኝ ልጄ፣ በእመቤቴ! እናትሽን ወባ ወሰዳት፤ አባትሽ ማይጨው ቀረ። እኔ ጀውሃ እቤቴ ወስጄ ላሳድግሽ ነው። ለአንድ ውሻ ብለሽ ነገሩን አታበላሺብኝ።»

ማይጨው ቀረ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነው። አባቷ ከአርበኞች ጋር ተራራው ላይ እንዳለ፣ አልፎ አልፎ ጨለማን ተገን አድርጎ እንደሚመጣ የሚያውቁት እሷና እናቷ ብቻ ነበሩ። ለማንም፣ ለአጎቷም እንኳ እንዳትናገር እናቷ አስምላታለች። አሁን ምስጢሩን የያዘችው ብቻዋን ነው። ደግሞ እንዴት ይከብዳል!

መከታ መጥቶ እግሯ ሥር ተኛ። ከቀብሩ ወዲህ ሌሊቱን ሁሉ አጠገቧ የሚያድረው እሱ ነው። አቀፈችው።

ይዛው ብትሄድስ? ሰዎቹ ሌላ ውሻ ያመጣሉ። ያ ውሻ አባቷ ላይ ይጮኻል፤ የጣሊያን ካምፕ ደግሞ እዚያው መንገዱ ዳር ነው። መከታ ግን ጌታውን ያውቃል፤ ዝም ብሎ አጥር ድረስ ሄዶ ይቀበለዋል። አባቷም ሁልጊዜ መጀመሪያ አንገቱን ይዳብሳል። ቤት ውስጥ ባንዳ ወይም እንግዳ ካለ እናቷ ጨርቅ ታስርበት ነበር። ያን ጊዜ አባቷ ጨርቁን ፈትቶ ይዞ ይመለሳል።

ጌጤ ከሐዘን ቀሚሷ ጠርዝ ረዘም ያለ ቁራጭ ቀደደች። ሲነጋ አባቷ ጥቁር መሆኑን ያያል። የእናቷን ሞት ይረዳል፤ እሷም አጎቷ ዘንድ ጀውሃ እንደሆነች አያጣውም። መከታ አንገት ላይ አሰረችው።

ወደ ዋርካው ተመለሰች። «ውሻው ይቅርላችሁ።»

«እሰይ፣ ተባረኪ! አንገቱ ላይ ያለው ግን ምንድነው?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«የእናቴ ሐዘን ነው» አለች። «ይኸው የኔ ምራቂ። እስከ ሙት ዓመቷ እንዳትፈቱት፣ በእማኞቹ ፊት ቃል ግቡልኝ።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ።

«የልጅ ሐዘን አይነካም» አሉ አንዱ እማኝ ቆጣ ብለው።

«እሺ፣ ይሁን» አሉ ጋሽ ገብረሚካኤል።

ጋሼ ወርቁ በቅሎዋን ጭነው ሲነሡ መከታ ጅራቱን እየቆላ ተከተላት። ጌጤ ዞረች። በዕድሜዋ መትታው አታውቅም። ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሣችና እንዳያገኘው አድርጋ ወረወረችበት።

«ተመለስ!» አለችው እንባዋ እየወረደ።

ውሻው ቆሞ አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመልሶ አጥሩ ሥር ተኛ።