የናና ቀኝ እጅ

«አማቾቼ ከጠየቁሽ ናና ገጠር ሄደዋል በያቸው፤ አለቀ» አለ አጎቷ ባፉር፣ ትከሻው ላይ የጣለውን ነጭ ጨርቅ እያስተካከለ።

አፍሪዬ የተሸከመችውን ወንበር መሬት አስቀመጠች። የባፉር አባት፣ አያቷ ናና፣ ከጀርባዋ ባለው ክፍል ውስጥ ነበሩ። የጋናዋ ከተማ የኩማሲ ፀሐይ ገና አልጠነከረችም፤ ግቢው ግን በእንግዳ ሞልቷል። ዛሬ የባፉር የመጀመሪያ ልጅ ስም ይወጣለታል። ስም የሚያወጡት የአባትየው አባት ናቸው፤ ጣታቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ሕፃኑ ምላስ ላይ ያደርጋሉ፣ ቀጥሎ መጠጥ። በቀኝ እጅ መሆን አለበት፤ በግራ እጅ መስጠት እዚህ እንደ ስድብ ነው። የናና ቀኝ እጅ ደግሞ ፓርኪንሰን የተባለው የነርቭ ሕመም ከያዛቸው ወዲህ ይንቀጠቀጣል።

«የታመመው እጃቸው እንጂ ሐሳባቸው አይደለም» አለች።

«ነርቫቸው ውስጥ ያለው ነገር እየተቆራረጠ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? በተቆራረጠ ጭንቅላት ነው የልጄን ስም የሚያወጡት?»

አፍሪዬ ጆሮዋ ጋለ። እውነትም እንዲህ ብላው ነበር። ለነርቭ ሴል ጉልበት የሚያመርቱት ሚቶኮንድሪያዎች በዚህ በሽታ ከልክ በላይ ይቆራረጣሉ ሲባል በትምህርት ቤቱ የባዮሎጂ ክበብ ሰምታ፣ ሮጣ መጥታ ነገረችው። መምህሯ ቀሪውን ያስረዱት በሳምንቱ ነው።

«ያኔ ያልነገርኩህ አለ» አለች። «ያንተም ሚቶኮንድሪያዎች አሁን እየተከፈሉ ነው። የኔም። ጤነኛ ነርቭ እነሱን እየከፈለ ነው ጉልበት እስከ ጫፉ የሚያደርሰው፤ የተበላሸውንም ለይቶ የሚያስወግደው። መልሰውም ይዋሃዳሉ። መከፈሉ አይደለም በሽታው፤ ልኩን ሲስት ነው። ለምን እንደሚስት ደግሞ ገና እየተጠና ነው።»

«ፕሮፌሰሯ» አለ ባፉር፤ ግን አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ውሃው ሕፃኑ ፊት ላይ ቢፈስ አማቾቹ ልጁን የተረገመ እንደሚሉበት፣ የሚስቱ እናት ከወዲሁ መንሾካሾክ እንደጀመሩ ነገራት። ፈርቷል። አሳዘናት፤ ሐሳቧን ግን አላስለወጣትም።

ገርበብ ያለውን በር ገፋ አድርጋ አየች። ናና ለብሰው ጨርሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ሥር ደብቀውታል። ሁሉንም ሰምተዋል።

«ናና፣ ይወጣሉ?»

«እጄ እምቢ ቢለኝስ፣ ልጄ?»

«ይንቀጥቀጣ።»

አዛውንቱ ቀስ ብለው እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አወጡት።

ያን ጊዜ የባፉር አማት ጠጋ ብለው፣ ስም የሚያወጡት አባት የት እንዳሉ ጠየቁ። ባፉር አፍሪዬ ላይ አፈጠጠ። ትንሽ ቆይቶ ሕፃኑ ምላስ ላይ ውሃ ሲያርፍ፣ «ውሃ ከሆነ ውሃ ነው በል» እንደሚባል አፍሪዬ አሰበች፤ እውነት ተናጋሪ ሁን ማለት ነው።

«እዚሁ ናቸው፣ እማማ» አለች አፍሪዬ። «እጃቸውን የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ ሕመም አለባቸው። ጫማቸውን እስኪያደርጉ ይጠብቁን።»

የአጎቷን ዓይን ሳትሸሽ አጠገቡ አልፋ ወደ ክፍሉ ገባች። በሩን ከኋላዋ አልዘጋችውም።