የስድስት ሰዓት ፀሐይ

ውሃው መጣ። ዕድላዊት ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጣ ድምፁን ሰማችው። ደረቅ ቅጠልና ገለባ እየገፋ በቦዩ ውስጥ ተንፏቀቀና ከማሳቸው አፍ ደረሰ። ሰዓቷን አየች። ስድስት ከአምስት። እስከ ስምንት ተራው የእነሱ ነው።

«የማቴዎስ ልጅ፣ ውሃሽ መጣ» አሉ ጎረቤታቸው ጋሽ ኦይታ ከቦዩ ማዶ።

«እሺ ጋሼ፣ መጣሁ።»

አልተነሳችም። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ከጥላው ጫፍ እስከ ቦዩ ያለውን ርቀት በዓይኗ ለካችው። ሃያ ስድስት እርምጃ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ፀሐይ ነው። ባለፈው ሳምንት የተተከሉት አርባ የሙዝ ችግኞች ቅጠላቸው ከጫፉ መጠቅለል ጀምሯል። አባቷን ወባ ጥሎታል። ጠዋት ብርድ ልብሱ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ፣ «ተራው እንዳያልፍሽ። ችግኞቹ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አይቆዩም» ብሏት ነበር።

ነገ ግን ፎቶ አለ።

አብራቸው ለምትዘምረው መዘምራን ካሴት ሽፋን የሚሆን ፎቶ ነው። ከስምንቱ መዝሙሮች ሁለቱን የምትመራው ዕድላዊት ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት ፎቶ አንሺው ክብሩ ከአባያ ሐይቅ በላይ ካለው ጉብታ ላይ አቁሞ ለሙከራ አንስቷቸው ነበር። ፎቶው ሲታጠብ የእሷ ፊት አልወጣም። ነጭ ቀሚስ አለ፤ ከአንገት በላይ ግን ጥቁር ነገር ብቻ ነው የሚታየው።

«ዕድል፣ ቀሚስሽን ብቻውን ልከሽው ነው እንዴ?» አለ አብሯቸው የሚዘምረው ትንሳኤ። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ክብሩ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ «ግድ የለም፣ አንቺ ከኋላ ትቆሚያለሽ» አላት። ከትንሳኤ ቀልድ ይልቅ የቆረቆራት ይሄ ነው።

ጨንቻ ሳሉ ስለ ፊቷ ቀለም ያወራ ሰው አልነበረም። ወደ ቆላ ከወረዱ ሁለት ዓመት ሆናቸው። አሁን ዘመድ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ገና ሰላም ሳይላት፣ «ውይ፣ ፀሐዩ እንዴት አክስሏታል» ይላል።

የሚያቀላውን ክሬም የሰጠቻት ክፍል ውስጥ አብራት የምትቀመጠው ሉሊት ናት። ሉሊት ቀይ ናት፤ ያለ ጃንጥላ ከቤት አትወጣም። «እኔ እንኳ ተፈጥሮዬ ነው» ብላታለች። «ይሄ ከሞያሌ የመጣ ነው፤ ማታ ማታ ተቀቢው። ፀሐይ እንዳያይሽ ብቻ።»

ዕድላዊት ስምንት ቀን ተቀባች። ጠዋት ጠዋት የእጅ ሰዓቷን ትፈታና ከማሰሪያው ሥር ያለውን ፈካ ያለ ቆዳ ከጉንጯ ጋር በመስተዋት ታስተያየዋለች። ያየችውን ደብተሯ ጀርባ ላይ ትጽፋለች። በሦስተኛው ቀን «ለውጥ የለም» ብላ ነበር። በአምስተኛው «ትንሽ»። በሰባተኛው «ያቃጥላል»።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ካልፈለግሽው እኔ ልውሰደው» አሉ ጋሽ ኦይታ። «ዝም ብሎ ተመልሶ ኩልፎ ወንዝ ሊገባ ነው እኮ።»

ብትሰጣቸውስ? አባቷ ሦስት ቀን ከአልጋ አይነሳም። አጠጥቻለሁ ብትለው ማን ያውቃል? ችግኞቹ ቢደርቁ ደግሞ ምስጥ በላቸው ይባላል። መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ሉሊት በሙዙ መሃል ብቅ አለች። ጃንጥላዋን ዘርግታ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላለች።

«ቤት ሄጄ አጣሁሽ። አባትሽ እዚህ ናት አሉኝ።»

«በዚህ ፀሐይ?»

ሉሊት ጥላው ውስጥ ገብታ ሻርፑን ዝቅ አደረገችው። ጉንጮቿ ቀልተው አብጠዋል። ከዓይኗ ሥር ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ ውስጡ እርጥብ ሆኗል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ትናንት ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ጃንጥላሽን አስቀምጪ አሉኝ። አርባ ደቂቃ ብቻ ነው የቆምኩት።»

«ተፈጥሮዬ ነው አላልሽኝም?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ነው የምቀባው።» ሉሊት ጉንጯን ልትነካ ጣቷን አነሳችና ተወችው። «ለእማዬ ዘይት ፈነጠቀብኝ ብያታለሁ። ብትጠይቅሽ አብሬያት ነበርኩ በያት። እሺ በይ።»

ዕድላዊት ጠጋ ብላ አየቻት። የተላጠው ቦታ የእሷም ፊት ከትናንት በስቲያ ጀምሮ የሚያቃጥላት ቦታ ነው። ነጠላዋን ገልጣ ጉንጯን ነካ አደረገችው። ለበለባት።

ተነሳች። ማንጎው አጠገብ ካለችው የማሳ ጎጆ ምሰሶ ላይ የአባቷን ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ አውርዳ አደረገች፤ እጅጌዋን እስከ መዳፏ ሳበች፤ ዶማውን ያዘች።

«የት ነው? ዕድል፣ አታብጂ። ነገስ?»

«ውሃው እያለፈ ነው።»

የመጀመሪያውን መደብ አፍ ከፈተች። ጋሽ ኦይታ ተሻግረው መጡና የማሳውን አፍ የዘጋውን ድንጋይ አብረዋት ገፉት። ውሃው ማሳው ላይ ተንጣሎ አንጸባረቀ። ቀና ስትል እሳቸው ውሃውን ከኋላቸው አድርገው ቆመዋል። ፊታቸው አልታይ አላት፤ ጥቁር ሆኖ ጥርሳቸው ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብለው ከሙዙ ቅጠል ፊት ቆሙ። የግንባራቸው መስመር፣ ሽበታቸው፣ ጉንጫቸው ላይ ያለችው ጠባሳ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየ።

«ጋሼ፣ እስቲ ወደ ነበሩበት ይመለሱ።»

«ምን ሆነች ይቺ ልጅ?» አሉ፤ ግን ተመለሱ። እንደገና ጠቆሩ።

ዕድላዊት ዶማውን ተደግፋ ትንሽ ቆየች። ፎቶ የተነሱ ቀን ክብሩ ሐይቁን ከኋላቸው አድርጎ ነበር። ሐይቁን ፀሐይ መትቶት ነበር።

ወደ ጥላው ጮክ ብላ፣ «ነገ ክብሩን ጀርባችንን ለዛፎቹ እንድንሰጥ እነግረዋለሁ» አለች።

«እምቢ ቢልሽስ?»

«እምቢ ካለ ከኋላ እቆማለሁ።»

«እማዬ ብትጠይቅሽስ?»

ዕድላዊት ሁለተኛውን መደብ ከፍታ ውሃው እስኪገባ ጠበቀች። «ዘይት ነው አልልም፣ ሉሉ። ይሄ እንዳለቀ ነርሷ ሲስተር ትርሐስ ቤት እንሄዳለን። የክሬሙን ቱቦ ይዘን እንሂድ፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ታንብበው። የእኔንም ፊት ታየዋለች።»

«ታስገድይኛለሽ።»

«ከፀሐዩ ገባ በይ፤ እግርሽ ወጥቷል።»

ሉሊት ትሄዳለች ብላ አስባ ዕድላዊት ዞር ብላ አላየችም፤ ሦስተኛውን መደብ መቆፈር ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ጃንጥላው ሲታጠፍ ሰማች። ሉሊት እግሯን ሰብስባ ወደ ማንጎው ግንድ ተጠግታ ተቀምጣለች።

«ስንት መደብ ቀረሽ?» አለች።