የኮቱ ሁለተኛ ቁልፍ

ዝናብ ሳይዘንብ በስብሶ የመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ ልጆቼ? ልብስ ሰፊዋ አይታለች።

አማልክትና ሰው በአንድ ጎዳና በሚተላለፉባት በዚያች ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ረጅም ሰው ከጸጉሩ ውሃ እየተንጠባጠበ ስፌት ቤቷ ገባ።

«አንተ ሰውዬ! ጨርቄን አበሰበስክብኝ እኮ! እዚያው በር ላይ ተራገፍ!»

ጥግ ላይ እጅጌ የምትሰፋው አክስቷ መቀሷ ከእጇ ወደቀ። «ምነው አፍሽ በተቆረጠ! የወንዙ አምላክ ናቸው!»

እሱ ግን ሳቀ። «ኮት ፈልጌ ነው። ሰው ሲያየኝ ይሸሻል። ለአንድ ቀን እንኳ ሰው መስዬ ልሂድ...»

ደረቱን በሜትር ስትለካው የልብ ምት አልሰማችም። ከውስጡ የሚሰማው ወራጅ ውሃ ነበር። እጇን ግን አላነሳችም።

ለአማልክት ልብስ ሲሰፋ ክር አይቋጠርም። የሙያው ሕግ ነው፤ ቋጠሮ አምላክን ከምድር ያስራል። አክስቷም «አደራ፣ እጅሽን ጠብቂ!» ብላት ነበር። እጅ ግን የለመደውን ነው የሚያውቀው። ሁለተኛውን ቁልፍ ስትተክል ቀና አለች፤ እሱም እያያት ኖሯል። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ... ጣቶቿ ሳታውቅ ቋጠሩ።

ኮቱን ለበሰው። ገላው ደረቀ። በነጋታው ተመልሶ መጣ፣ ከዚያም በየቀኑ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ መርፌ ውስጥ ክር ሊያስገባላት ይታገላል።

«ስንት ዘመን ድንጋይ የሸረሸርክ፣ አንዲት መርፌ አቃተችህ?»

«ድንጋይ እያየኝ አይስቅም እኮ!»

እንዲህ እየተሳሳቁ ተዋደዱ። ወንዙ ግን ጎደለ። ዓሣው ጭቃ ላይ ቀረ። ሰው ባልዲውን ባዶውን ይዞ ይመለስ ጀመር። አክስቷ ከንፈሯ ተሰንጥቆ አልጋ ያዘች። እሱም አንዳንዴ ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍናል።

«ምን ሆንክብኝ?»

«ባልዲ ደረቅ ጠጠር ሲፍቅ ይሰማኛል። የተጠማ ሕፃን ሲያለቅስ... እዚህ፣ ደረቴ ውስጥ።»

ልቧ ተሰበረ። «እንግዲያው ተመለስ! ለእኔ ተብሎ አገር አይለቅ።»

ግራ ገብቶት አያት። «እንዴት ልመለስ? አንቺው አስረሽኝ!»

«እኔ?»

«አውቀሽ መስሎኝ...» ድምፁ ሰለለ። «ሁሉም የሚፈልገው ውሃውን ነው። እኔን የፈለገ ኖሮ አያውቅም። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።»

ኮቱን ገለጥ አደረገች። ከሁለተኛው ቁልፍ ሥር፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ቋጠሮ!

«ሳላውቅ ነው፣ እጄ ነው» አለች እያነባች። «ልቤም ግን ከእጄ ጋር ነበር።»

ከጓዳ አክስቷ ሳለች፤ ደረቅ ሳል።

«ብፈታህ ትረሳኛለህ?»

«ውሃ የነካውን አይረሳም። መልክ ግን አይኖረኝም። አታይኝም...»

መቀሱን አላነሳችም። ልብስ ሰፊ ክር የሚበጥሰው በጥርሱ ነው። ፊቷን ደረቱ ላይ አስጠጋች። ከንፈሯ ነካው። የመጀመሪያ መሳማቸውም፣ የመጨረሻውም ያ ሆነ። ክሩ ቀጭ አለ።

ኮቱ ባዶውን፣ እርጥብ ሆኖ ክንዷ ላይ ወደቀ። ውጭ ወንዙ አገሳ፤ ጎዳናው በደስታ ጩኸት ተናወጠ። አክስቷም ጠጥታ ተነሳች። እሷ ብቻ ኮቱን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች።

ያ ኮት ዛሬም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ደርቆ አያውቅም። እሷም አረጀች፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም ክር ቋጥራ አታውቅም።

«እትዬ፣ የእርስዎ ቁልፍ መንገድ ላይ ይረግፋል እኮ!» ይሏታል ደንበኞቿ።

«ይርገፍ። እኔ ማንንም አላስርም።»

ጠዋት ስትከፍት፣ ከበሩ እስከ መቀመጫዋ እርጥብ የእግር ዱካ ታገኛለች። የሚገባ እንጂ የሚወጣ ዱካ የለም። እሷም አትወለውለውም። ጫማዋን አውልቃ፣ ያንኑ ዱካ እየረገጠች ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።