ሸብረክ የማትል እግር

ድራመሩ ግንባሩን ትልቁ ከበሮ ላይ ደፍቶ ሞቷል። ማጅራቱን የመታው የማይክሮፎን መቆሚያ ብረት እግሩ ሥር ወድቋል። መርማሪዋ አስከሬኑን አይታ ስታበቃ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባንዱን ዘፋኝ ፎቶ አየች። ከሥሩ «የሸብረክ አባት» ይላል። አባት ነኝ ባይ ስንቱን አይታለች፤ ልጁን በቅጡ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ሸብረክ ያን ሰሞን ከታክሲ እስከ ጭፈራ ቤት ያልገባበት የሌለ ሙዚቃ ነው። ሦስተኛው ምት ትንሽ ይዘገያል፤ ጨፋሪውም እዚያ ላይ ጉልበቱን ሸብረክ ያደርጋል። ዘፋኙ ዛሬ ረፋዱን በሬዲዮ ቀርቦ ስልቱን ከባሕር ማዕበል እንደ ቀዳው ሲያወራ፣ መርማሪዋ መኪናዋ ውስጥ ሆና ሰምታዋለች። ባሕር ያየው በፖስት ካርድ መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

«ስንት ሰዓት ላይ አገኘኸው?» አለችው የስቱዲዮውን የድምፅ ባለሙያ።

«አምስት ሰዓት ላይ። ፎቅ ላይ ገመድ እየጠገንኩ ነበር። ድራሙ እስከ አራት ተኩል ሲመታ ሰምቻለሁ። ኧረ በልጆቼ! እኔ ዝንብ እንኳ አልገድልም!»

ፖሊሱ ግን ካቴናውን አውጥቷል። ዘፋኙ በሦስት ተኩል ወጥቶ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ባለሙያውና መግቢያው ላይ የተቀመጠችው የሟቹ እህት ብቻ ናቸው።

«ዛሬስ ጎበዝ ነበር» አለች እህትየው እንባዋን እየጠረገች። «ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ጉልበቱ ከተሰበረ ወዲህ፣ ያቺ ቀኝ እግሩ የትልቁን ከበሮ ፔዳል አዘግይታ ነው የምትረግጠው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳታነክስ ውላ አታውቅም። ዛሬ ግን ቀጥ አለች። ዳነልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ለምን አልገባሽም?»

«ሲለማመድ በር ሲከፈትበት አይወድም። ነገ እሱም በሬዲዮ ቀርቦ የሸብረክን አመጣጥ ሊናገር ነበር።»

ዘፋኙ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ እየተከዘ ሲመጣ፣ መርማሪዋ ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከድራሙ ጀርባ ያለውን ማጫወቻ ከፈተችው። ውስጡ የቀረው ሲዲ ቀጥ ያለ፣ ደረቅ ምት መታ።

«ያ ነው!» አለች እህትየው።

«ዛሬ የሰማችሁት ይኼንን ነው። ሸብረክ ከማዕበል አልመጣም፤ ከተሰበረ ጉልበት ነው የመጣው። ሟቹ ቢፈልግም እንዲህ ቀጥ አድርጎ መምታት አይችልም። ስለዚህ ሲዲው ሲጫወት ሰውዬው ሞቶ ነበር። ገዳዩ ከፍቶት የወጣ ነው።» ትከሻዋን ሰበቀች። «ሲዲው ላይ ከበሮውን ማን እንደ መታው ግን እንጃ። የሆነ ጀማሪ ሳይሆን አይቀርም።»

ዘፋኙ መነጽሩን አወለቀ። «ጀማሪ?»

«ለዚያውም ጆሮ የሌለው።»

«የኔ አመታት ነው እሱ! ሸብረክን የፈጠርኩት እኔ ነኝ! አንቺ ስለ ሙዚቃ ምን ታውቂያለሽ?»

ዘፋኙ የተናገረው ለራሱም የገባው ዘግይቶ ነው።

«ምንም አላውቅም» አለች መርማሪዋ። «የሟቹን ቅጂ ከፍተህ ብትሄድ ኖሮ ማንም አይደርስብህም ነበር። ከአንተ የሚለይ ግን አልመሰለህም። ነገ ይህን እንዳይናገርብህ ነው የገደልከው።»

ካቴናው ወደ ዘፋኙ እጅ ዞረ። ባለሙያው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዘፋኙ ሁለት እርምጃ ተራመደ፤ ሦስተኛው ላይ ጉልበቱ ከዳው።

እህትየው ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይኸው፣ አሁን ገና ቻልክበት» አለችው።