በኮፍማን መውረጃ ተራ የያዘው ሰው

ይህ ታሪክ እውነት ነው። የማያምን ካለ አንብቦ ሲጨርስ ይሳቅ፤ የሱ ሳቅ ለኔ ምኔም አይደለም። እዚህ ቻናል ላይ የአልጋው ስር ጥላ ያስበረገገው ሁሉ ሲጽፍ አንብቤ ዝም ብያለሁ። እኔ ግን ቁርሴን በልቼ፣ በሙሉ ጤንነቴ፣ በቀን ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ጊዜው ጥር ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ፣ እኛ የኮፍማን መውረጃ የምንለው የወንዝ ክፍል።

ስሜ ቨርል ነው። በብርዱ ወራት ስቲልሄድ አጠምዳለሁ። ባሕር ወርዶ፣ እዚያ ደልቦ፣ ወደተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ብርማ ዓሣ ነው። የማጠምደው በኒምፍ ነው... መንጠቆ ላይ በክርና በላባ የተሠራች የውሃ ትል መሳይ ነገር። እሷ ታች ድንጋዩን እየታከከች ትሄዳለች፣ ክሩ ላይ የታሰረችው ቡሽ ላይ ላዩን ትንሳፈፋለች። ቡሿ ከጠለቀች ጎትት። አለቀ። ምንም ቅኔ የለውም።

ይኼን የሚንቁ አሉ። የእህቴ ባል ሆሊስ አንዱ ነው።

ሆሊስ ረጅም ዘንግ በሁለት እጁ ይዞ ገመዱን ሰማይ ላይ ያወናጭፋል። ላየው ሰው ወንዙን የሚባርክ ነው የሚመስለው። እህቴን ካገባ ጀምሮ አንድ ዓሣ አልያዘም። ሲጠይቁት "ዋናው መያዙ አይደለም" ይላል። ያልያዘ ሰው ሌላ ምን ሊል ነው?

የዚያን ቀን ስንወጣ እህቴ ዶሪን ሆዷን ደግፋ በሩ ላይ ቆመች። የመጀመሪያ ልጃቸው ዛሬ ነገ እየተባለ ነው።

"ቨርል፣ ዋና እንደማይችል ታውቃለህ። ዓይንህ ከሱ ላይ እንዳይነሳ።"

"ሞግዚት አደረግሽኝ?"

"አዎ፣ አደረግኩህ። በደህና መልስልኝ።"

ምን ይባላል? እሺ አልኩ።

አሁን ስለ ደንባችን ልንገራችሁ፣ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። ወንዝ ውስጥ የሚገባው ከላይ፣ ውሃው ከሚመጣበት በኩል ነው። ትወረውራለህ፣ አንድ እርምጃ ትወርዳለህ። ትወረውራለህ፣ ትወርዳለህ። ከኋላህ የገባው ሲራመድ አንተም ትራመዳለህ። ተገትሮ የሚቀር ውሃ ሌባ ነው። ከሰው በታች የሚገባ ደግሞ... እሱማ ሰውም አይባል። በዚህ ምክንያት ጎማው በቢላ የተተለተለበት አውቃለሁ። ደግ አደረጉት።

ሆሊስ እንግዳ ስለሆነ ከፊት አስገባሁት።

"መጨረሻው ላይ እግርህ ስር ያለው አለት ባንዴ ይቆረጣል" አልኩት። "ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ስትደርስ እነግርሃለሁ፣ አንተ ብቻ ተራመድ።"

"እሺ፣ አንተ ቡሽ ጠባቂ።"

"ቡሽ ጠባቂ ማታ ዓሣ ይበላል፣ ባለቅኔው ሾርባ ይጠጣል።"

ሳቀ። ጭጋጉ ወፍራም ነበር። ውሃው ጭናችን ድረስ ነው።

ትንሽ እንደወረድን ዞር ስል... ከላይ ሌላ ሰው ገብቷል።

ገረመኝ። መንገዱ አንድ ነው፣ የቆመው መኪና የኔ ብቻ ነው። በእግሩ መጥቶ ይሆናል አልኩ። ያረጀ ባርኔጣ አድርጓል፣ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሯል። እጁን ከፍ አድርጎ ሰላም አለኝ።

እኔም ሰላም አልኩት።

በቡሽ ነው የሚያጠምደው። እሰይ! አንድ ጤነኛ ሰው ተገኘ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ቡሹን አየሁ።

ውሃው ይሮጣል... ቡሹ ግን አይንቀሳቀስም። ባለበት ቆሟል።

መንጠቆው ድንጋይ ይዞት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሰውየው አንድ እርምጃ ወረደ። እኔም ወረድኩ።

"ሆሊስ፣ ተራመድ!"

"ምን ያስቸኩልሃል?"

"ከኋላዬ ሰው አለ!"

"ውይ፣ ይቅርታ!" ብሎ ወረደ። ሆሊስ ሲበዛ ጨዋ ነው። ጨዋነቱ ያናድደኛል።

እንደገና ዞር አልኩ። ሰውየው ቀርቧል። አንድ እርምጃ ነው የወረደው፣ የቀረበው ግን ከዚያ በላይ ነው። ወንዙ የእኔን ጭን እየመታ አረፋ ይሠራል። እሱ ጋ ሲደርስ ግን አይከፈልም። እዚያ ምንም እንዳልቆመ ቀጥ ብሎ ያልፋል።

ቡሹ አሁን ተንቀሳቅሷል።

ወደ ላይ... ወራጁን ተቃውሞ።

እኔ ፈሪ አይደለሁም። ግን ከዚያ ወዲያ ዞር ብዬ ማየት ተውኩ።

በዚህ መሀል የኔ መንጠቆ ድንጋይ ያዘ። ስጎትት ክሩ ተበጠሰ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ፤ ለመውጣት ሰበብ አገኘሁ። ዳር ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሌላ ኒምፍ ማሰር ጀመርኩ።

ቀና ስል ከላይ ማንም የለም።

እፎይ አልኩ። ሄደ ማለት ነው፣ ገላገለኝ።

ከዚያ ወደ ታች አየሁ።

ሰውየው እኔ በነበርኩበት ቦታ ቆሟል። ልክ ከሆሊስ ኋላ።

ሆሊስ ዞሮ አላየም። ጭጋጉ ውስጥ ሳቁ ይሰማኛል... "እሺ፣ እሺ፣ እየሄድኩ ነው!" ይላል። አንድ እርምጃ ወረደ። ሰውየውም ወረደ።

"ሆሊስ!" ብዬ ጮህኩ። "ቁም! ውጣ!"

ወንዙ ድምፄን ዋጠው።

"እሺ ብያለሁ እኮ!" አለ ሆሊስ፣ ለኔ ሳይሆን ለሌላ። ወረደ።

ከፊቱ አለቱ የሚቆረጥበት ቦታ ነው። እነግርሃለሁ ያልኩት እኔ ነኝ! ሆሊስ ከኋላው ያለው እኔ መስዬው፣ እኔን አምኖ ነው የሚራመደው። የዶሪን ሆድ ዓይኔ ላይ መጣ።

ዘንጌን ወርውሬ ሮጥኩ። ድንጋዩ ሁለቴ ጣለኝ። ሆሊስን አለፍኩትና ከበታቹ፣ አለቱ ጫፍ ላይ፣ ዘልዬ ገባሁ። አዎ፣ ከሰው በታች ገባሁ። ውሃው ወገቤን ይዞ ሊወስደኝ ነበር።

ሆሊስ ሲያየኝ ፊቱ ቀላ።

"ቨርል? ከበታቼ ገባህ? አንተ?"

"ዝም በል።" ክንዱን ያዝኩት። "ወደ ዳር... ቀስ ብለህ። ወደኋላ አትይ።"

"ቆይ... አንተ እዚህ ከሆንክ..." ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። "ማነው እስካሁን ተራመድ ሲለኝ የነበረው?"

"በምን ድምፅ?"

"ባንተ ነዋ።"

ጎትቼ አወጣሁት። ዳር ላይ በአራት እግራችን ሆነን እንደ አሮጌ ውሻ አለከለክን። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ይኼን የማይረባ ሰው አቅፌ ጭንቅላቱን ሳምኩት።

"በቃ፣ ወደ ቤት" አልኩ።

"ቨርል... እይ።"

ጭጋጉ ትንሽ ገለጥ ብሏል።

ባርኔጣ ያደረገው ሰው ብቻውን አልነበረም። ከኋላው ሌላ አለ። ከሱ ኋላ ሌላ። መውረጃውን ሞልተው እስከ ላይ ድረስ ተሰልፈዋል። አንዱ የሸራ ኮት ለብሷል፣ አንዷ ፀጉሯን የጎነጎነች ሴት ናት። ሁሉም ይወረውራሉ፣ ሁሉም አንድ እርምጃ ይወርዳሉ። ድምፅ የለም። ከባለ ባርኔጣው ፊትም ሌሎች አሉ፤ እነሱ አለቱን አልፈው፣ ገደሉ ላይ፣ ውሃው ያው ጭናቸው ድረስ ሆኖ ጭጋጉ ውስጥ እየገቡ ይጠፋሉ።

ከዚያ ባለ ባርኔጣው ቆመ። ከኋላው ያሉትም ሁሉ ቆሙ።

ከፊቱ ክፍተት አለ።

እኛ ጋ አንድ ሰው ክር ሊያስር ከወጣ ቦታው ይጠበቅለታል። ተመልሶ እስኪገባ ማንም አያልፈውም። ነውር ነው።

ባለ ባርኔጣው ፊቱን አላዞረም። እጁን ብቻ ዘረጋና ክፍተቱን አሳየን... ግቡ፣ እንደማለት።

"እየጠበቁን ነው" አለ ሆሊስ በሹክሹክታ። "ይህን ሁሉ ሰው ማቆም ነውር ነው፣ ቨርል።"

"አብደሃል? ና ወዲህ!"

ቀበቶውን በሁለት እጄ ጨብጬ ባለ በሌለ ኃይሌ ከወንዙ አርቄ ወደ መኪናው ጎተትኩት። ጎተትኩት። ዶሪን ትጠብቅሃለች እያልኩ፣ እየሰደብኩት፣ እየለመንኩት ጎተትኩት።

ክፍተቱ የአንድ ሰው አልነበረም። የሁለት ሰው ነው።

ዝቅ ብዬ ሳይ... ውሃው ጉልበቴ ላይ ደርሷል።